ሥራ የምትውል እናት የጡቷን ወተት አልባ ለልጇ ስለ ማቆየቷ

ሕፃን ልጅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንደማያሻው የጤና ዐዋቂዎች የተስማሙበት ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቀኖቹን ስንቈጥራቸው አንድ ችግር እናገኛለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከነደመወዟ ይሰጣታል።  6 ወር ግን 26 ሳምንት ነው። እንግዲህ በመካከል ለሚቀሩት ሳምንቶች እናቲቱ ሥራ ስትውል ልጁ ምን ይጥባ?

በቀድሞው ዘመን በታላላቅ ሰዎች ቤት ለተወለደ ልጅ፥ እናቱ ማጥባት ያልተመቻት እንደ ሆነ፥ የምታጠባ ሞግዚት ይፈለግለት ነበር። ጡቷን የሰጠችው ሴትም እንደ እናት ትከበር ነበር። ዛሬ ግን በጡት ወተት የሚተላለፍ በሽታ መኖሩ ስለ ታወቀ ሳይመረመሩ የሌላ ሴት ጡት መስጠት አይገባም። የላም ወተት በውሃ አቅጥኖ በጡጦ መስጠትም ልጁን ይጐዳዋል። የላም ወተት ለጥጃ የተሰናዳ ነውና ፕሮቲኑ ከሰው ወተት በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ለልጅ ደም የሚያስፈልገው ብረት ግን በውስጡ ጥቂት ነው። የሚያቀጥኑት ውሃና የሚሰጡበት ጡጦ ንጹሕ ካልሆኑ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣሉ። የሕፃን ተቅማጥም ቸል የሚሉት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም እናቲቱ የራሷን ወተት አልባ ማቆየት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በቪየና ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 የእናቶች ወተት የሚሰበሰብበት ቤት ተቋቁሟል። ከዚያም ወዲህ ኤድዋርድ ላስከር የሚባል በሰንጠረዥ ጨዋታ የታወቀ ሰው በ1920ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማለቢያ አውጥቷል። ዛሬ በእጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ማለቢያ በገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን መሣሪያ የሌላት እናት ከዕድሉ የተለየች አይደለችም። ሁለት ንጹሕ እጆች ይበቋታል።

ጡት እንደ ምንጭ ነው፤ በተቀዳ መጠን ያመነጫል፥ ሳይቀዳ ከዋለ ግን እያነሰ ይሄዳል። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ሳታልብ ብትውል ጡቷ ተወጥሮ ያማታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቈስላል፥ ትኵሳትም ያመጣል። ስለዚህ ከልጇ ተለይታ በምትውልበት ጊዜ በየ3 ሰዓቱ ማለብ ይገባታል።

አስተላለቡም እንደዚህ ነው። አስቀድማ እጇን በሳሙናና በውሃ ትታጠብ። ከዚያ በኋላ ጡቷን በሞቀ ጨርቅ ሸፍና በቀስታ ታሻሸው። ልጇን ማሰብ፥ ልብሱንም ማሽተት ወተቱን እንደሚያወርደው የታወቀ ነው። አውራ ጣቷን ከጡቱ ጫፍ በላይ፥ ሌባ ጣቷን ከበታቹ፥ ጫፉን ከከበበው ጠቈር ካለው ክብ ዳር ታኑር። ጣቶቿን አስቀድማ ወደ ደረቷ ገፋ ታድርግ፤ ከዚያም ጨምቃ ትልቀቅ። ጫፉን ራሱን መጐተትና መቈንጠጥ ያሳምማል እንጂ ወተት አያወጣም። ከአንዱ ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አልባ ወደ ሁለተኛው ትለፍ፤ እንደገናም ትመለስ። ሥራው በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢገኝ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ከለመደች በኋላ ይበረክትላታል። ስለዚህም ልምምዱን ወደ ሥራ ከመመለሷ 2 ሳምንት ያህል አስቀድማ ብትጀምር መልካም ነው።

ስለ ዕቃው ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን የላም ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ይታለባል፤ ይህም ለዕርጎና ለቅቤ መዓዛ የሚሰጥ የቈየ ጥበብ ነው። ለሕፃን ወተት ግን ቅል አይሆንም፤ ውስጡ ስርጕድና ቀዳዳ ያለበት ስለ ሆነ ተፍቆ አይጠራም፥ መቀቀልም አይችልም። የሚሻለው ክዳን ያለው ጠርሙስ ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ዕቃው በሳሙና ታጥቦ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቀቀል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለማጥራት ይበቃል፥ ነገር ግን ደቂቃውን ማሳጠር አይገባም።

ወተቱ ሳይበላሽ የሚቈይበትን ጊዜ በቀላሉ ለመያዝ ሦስት አራቶችን ማስታወስ ይበቃል፤ እነርሱም 4 ሰዓት፥ 4 ዲግሪና 4 ቀን ናቸው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ተከድኖ የተቀመጠ ወተት እስከ 4 ሰዓት ይቈያል። ጧት በ4 ሰዓት የታለበው እንግዲህ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሊሰጥ ይገባዋል ማለት ነው። ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቈያል። በበረዶ ቤቱ ውስጥ የረጋ እንደ ሆነ እስከ 6 ወር ድረስ መልካም ነው።

የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለደብረ ማርቆስ እናቶች ይረዳቸዋል፤ ዳሩ ግን ሊያታልላቸው አይገባም። በውሃ የራሰ እንስራ ወይም ጥላ ያለበት ጓዳ ወተቱን ቀዝቀዝ ያደርገዋል እንጂ 4 ዲግሪ አያደርሰውም፤ ስለዚህ በዚያ የተቀመጠው የሚቈጠረው በሰዓት እንጂ በቀን አይደለም። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርድ መንገደኛም የደጋውን ሰዓት ይዛ ወደ ቈላ ልትወርድ አይገባትም። በረዶ ባለበት ቅዝቃዜ በሚይዝ ሣጥን ከያዘችው ግን እስከ 24 ሰዓት ይቈይላታል።

በማቀዝቀዣው ውስጥ ወተቱ ከበሩ ርቆ ከኋላ በኩል ይቀመጥ። በየዕቃው ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ይደረግ፥ የታለበበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት፥ አስቀድሞ የታለበውም አስቀድሞ ይሰጥ። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ በሩን አለመክፈት ነው፤ በሩ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ረግቶ የነበረ ወተት ፈጽሞ ከቀለጠ በኋላ በማቀዝቀዣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይገባል፤ ዳግመኛ አይረጋም።

የቈየ ወተት ስቡ ከላይ ሲንሳፈፍ ቢታይ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በቀስታ ሲያዞሩት ይዋሐዳል። ለማሞቅ ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። በእሳት ማፍላት ጥቅሙን ይቀንሰዋል፤ ማይክሮዌቭ በሚባለው ምድጃ ማሞቅም አንዱን ወገን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተው የሕፃኑን አፍ ያቃጥላል። ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ የሚቀልለው ንጹሕ ሲኒ ነው። ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ፥ ሲኒውን በታችኛው ከንፈሩ ላይ አስደግፎ፥ እርሱ ራሱ እንዲልስ መተው እንጂ ወደ አፉ ማፍሰስ አይገባም። ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ይህ ጥበብ ለሥራ ብቻ አይደለም። ያለ ጊዜው ተወልዶ ለመጥባት አቅም ያነሰው ሕፃን በሐኪም ቤት ሲተኛ እናቱ በቀንና በሌሊት 8 ጊዜና ከዚያ በላይ እያለበች ታድነዋለች። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፥ እንገር የሚባለው፥ ጥቂት ቢሆንም ልጁን ከበሽታ የሚከላከል ነው። ስለዚህ እንገሩን ደፍቶ ቅቤ ማቅመስ ልጁን ማስራብ ነው። መድኃኒት የምትወስድ ወይም በደሟ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለባት እናት ግን የሐኪሟን ምክር ትከተል።

እስካሁን የተናገርነው ለእናቲቱ ነው፤ የቀረው የሹማምንት ድርሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ማቆያ ለመሥራት ገንዘብ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል፥ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢፈቀድም የመዝገቡ ሥራ አይቆምም። ክፍል ያጣች ሠራተኛ በመጸዳጃ ቤት ተሸሽጋ ታልባለች፤ አለዚያም አፍራ ትተወዋለች። መጸዳጃ ቤት የማንም ምግብ የሚሰናዳበት ስፍራ እንዳይደለ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

አባትም ቢሆን ዕቃውን ቢቀቅል፥ ቀኑንና ሰዓቱን ቢጽፍ፥ ወተቱን በሲኒ ቢሰጥ ክብሩ አይጐድልም። የመሥሪያ ቤት ሹም የሆነ አንባቢ ደግሞ ነገ ጧት ቢሮው ሲገባ ከወሊድ የተመለሱት ሠራተኞቹ ስንት እንደ ሆኑና የሚዘጋ ክፍል ያላቸው እንደ ሆነ ይጠይቅ። የሌላቸው ከሆነ ከመዝገብ ቤቱ ጓዳዎች አንዱን አስጠርጎ ቍልፉን ለእነርሱ መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው።