ወፍጮውን በእህሉ መመርመር

ጎህ ሲቀድ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፋል፤ እየሮጠ የሚወጣ አትሌትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት። የተራራው አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። የሁለቱም ጡንቻ በዚህ ስስ አየር ኃይል ማግኘት አለበት። ኃይሉን የሚፈጨው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ነው።

ይህ ወፍጮ ደህና መፍጨቱ በምን ይታወቃል? እህል ሲጨመርበት ነው። በውስጡ ኬሚካላዊ ሥራውን የሚያካሂደው ኢንዛይም የሚባለው ፕሮቲን የሚሠራበት ነገር ካልቀረበለት ዝም ይላል። ያ የሚቀርብለት ነገር ሰብስትሬት ይባላል፤ ለእኔ የባዮኬሚስትሪ ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውን እንደምትሰጠው መምረጥ ጥያቄ መጠየቅ ነውና።

ከጡንቻ የወጣ ማይቶኮንድሪያ ኦክስጅን መለኪያ በተገጠመለት ትንሽ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይደረግና ወደ ኃይል ተሸካሚው ኤቲፒ የሚለውጠው ኤዲፒ ይጨመርለታል። ከዚያ ፓይሩቬትና ማሌት ይሰጠዋል። ፓይሩቬት የእንጀራው ስታርች ግሉኮስ ሆኖ፣ ግሉኮሱም ተሰንጥቆ የሚገኝ ባለ 3 ካርቦን ነገር ነው። የእነዚህ ኤሌክትሮኖች ወደ ኦክስጅን ወደሚያደርሰው መስመር የሚገቡት ኮምፕሌክስ አንድ በሚባለው በር ነው። ሰክሲኔት የሚባለው ሌላ ሰብስትሬት ግን በኮምፕሌክስ ሁለት ይገባል። እንግዲህ በፓይሩቬት ኦክስጅኑ ሳይቀንስ ቀርቶ በሰክሲኔት ፈጥኖ ከቀነሰ፣ ከሁለቱ በር ወዲያ ያለው መስመር ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከመጀመሪያው በር ወይም ከዚያ በፊት ነው። ለመለየት በፓይሩቬት ፈንታ ግሉታሜት ከማሌት ጋር ይሞከራል፤ በዚህኛው ከሠራ በሩ ክፍት ነው፤ የተበላሸው የፓይሩቬት መንገድ ነው።

የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 በስሙ የሚጠራውን ዑደት የደረሰበት በዚሁ ብልሃት ነበር። በተፈጨ የርግብ ደረት ጡንቻ ላይ አንዱን ሰብስትሬት ከሌላው ጋር እያፈራረቀ ሞከረ። ሰክሲኔትን የሚመስለው ማሎኔት ሰክሲኔትን የሚለውጠውን ኢንዛይም ሲይዝበት፣ ከዚህ እርምጃ ወዲያ ያለ ሰብስትሬት ቢሰጥም ሰክሲኔት ተጠራቀመ፤ መንገዱ ክብ መሆኑን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር።

በስፖርት ሜዳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በታወቀ ኢንዛይም ሰብስትሬቱ ይለካል። ከአትሌት ጣት ጠብታ ደም ተወስዶ በቀጭን ስትሪፕ ላይ ይደረጋል። ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም የሚፈልገው ሰብስትሬት ጡንቻ ከፓይሩቬት የሚሠራው ላክቴት ብቻ ነው፤ ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ መጠኑም ይነበባል። በዕረፍት ጊዜ በሊትር 1 ሚሊሞል ያህል የሆነው ላክቴት በብርቱ ሩጫ ከ10 ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎች በማግስቱ ለሚሰማው የጡንቻ ሕመም ላክቴትን ይወቅሳሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ከሩጫው በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጸዳል። ላክቴት ነዳጅም ነው፤ አቀበቱ ላይ እግር ወደ ደም የለቀቀውን፣ ልብ ወስዶ መልሶ ወደ ፓይሩቬት ይለውጠውና ያቃጥለዋል።