ስለ አህያ የቀረበልን ትምህርት

ማስተማር የለመደ ሰው ከተማሪው መማር ይከብደዋል። እኛም ልጅነታችንን በመድረሳ ቁርኣን ስንቀራ፣ ወጣትነታችንን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንማር አሳልፈን፣ ዛሬ በአላባ ቁሊቶ ከተማ እንግሊዝኛ እናስተምራለን። ከሁለቱም ማዕድ ቀምሰናልና የጎደለን ጥቂት ነው ብለን እናስብ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በ10 ደቂቃ ንግግር የጎደለንን አሳየን። ነገሩ የሚያሳፍረን ቢሆንም፣ ለወላጆችም ለወጣቶችም ይጠቅማል ብለን ስላመንን እንደሆነው እናቀርበዋለን።

ለተማሪዎቻችን የሰጠናቸው ሥራ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመርጣል፤ ማን፣ መቼና ለምን እንዳቋቋመው ያነባል፤ ከዚያም በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ተማሪዎች «ፕሬዘንቴሽን» የሚሉት ነው። ብዙዎቹ ቀይ መስቀልን ወይም ሕፃናትን የሚረዱ ድርጅቶችን መረጡ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን «አህያና ፈረስ ስለሚያክም ድርጅት» ብሎ አስመዘገበ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኛም ፈገግ አልን።

ተራው ደርሶ ሲወጣ የያዘው ወረቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። በእንግሊዝኛ ጀምሮ ሲቸግረው ወደ አማርኛ ተመለሰ፤ አልከለከልነውም። ንግግሩን የጀመረው ከካይሮ ነው። ዶሮቲ ብሩክ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መኮንን ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ካይሮ መጣች። በዚያም በ1ኛው የዓለም ጦርነት የአገሯ ጦር ተጠቅሞባቸው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው የተሸጡ ፈረሶች አርጅተውና አጥንታቸው ገጥጦ ሲሠሩ አየች። በ1931 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ አንባብያንም ገንዘብ ላኩላት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ገዛች። አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ስለነበሩ ስቃያቸው እንዲያበቃ ተደረገ። በ1934 ደግሞ የድሆች የሥራ እንስሳት በነፃ የሚታከሙበት ሆስፒታል ካይሮ ውስጥ ተከፈተ። «ብሩክ» የተባለው ድርጅት ከዚህ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአገራችንም ይሠራል።

«ብሩክ የማን ልጅ ነው?» ሲል አንዱ ከኋላ አሳቀን። ልጁም ስቆ፣ የሴትየዋ የቤተሰብ ስም መሆኑን ነገረው። ሳቁ ድፍረት ሰጠው መሰለን፣ ወረቀቱን አጠፈና ከካይሮ ወደ ቤቱ መጣ።

«በአገራችን ከ8 ሚሊዮን በላይ አህዮች አሉ። አንዱ የኛ ነው» አለ። «አባቴ ባለጋሪ ነው። ውኃና የበርበሬ ጆንያ ያመላልሳል። ይህን ደብተር የገዛው አህያው ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከወራት በፊት የአህያው ጀርባ ገጥቦ፣ ቁስሉም አመርቅዞ መቆም አቅቶት ነበር። አባትየው ቁስሉ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡበት፤ ባሰበት። በመጨረሻ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ወሰዱት። ልጁ ስለ ድርጅቱ የሰማው ያኔ ነው።

ባለሙያው የነገሩትን አንድ በአንድ ቆጠረልን። ገጣባ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጭነቱ መፈተግ ነው፤ ስለዚህ ከጭነቱና ከገመዱ ሥር ለስላሳና ደረቅ ንጣፍ ማድረግ፣ ጭነቱ በጀርባ አጥንቱ ላይ እንዳያርፍ በሁለቱም ጎን ማመጣጠን ያስፈልጋል። አህያ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዝም ማለቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ስለሆነም ጠዋትና ማታ ጀርባውን በእጅ መዳበስ፣ ሰኮናውን አንሥቶ ማየት፣ በቀን ደጋግሞ ውኃ ማጠጣት ይገባል። ቁስል ያለበት አህያ ቁስሉ እስኪሽር አይጫንም።

ከዚያ ጥያቄ ሆነ። አንዲት ተማሪ «ሰው እየተራበ ለአህያ መድኃኒት መግዛት ተገቢ ነው ወይ?» አለች። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም፤ እኛም በልባችን ይዘነው ነበር። ልጁ ጥቂት አሰበና «አህያው ሲታመም የተራብነው እኛ ነን» ብሎ መለሰላት። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድን ለ15 ዓመታት ለማገድ ሲወስኑ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ አህያው ሲጠፋ ሸክሙ ወደ እናቶችና ወደ ልጆች ጀርባ ይዞራል።

ሁለተኛው ጠያቂ መድረሳ የሚቀራ ልጅ ነው። «በቁርኣን ከድምፆች ሁሉ የሚጠላው የአህያ ድምፅ መሆኑ ተነግሯል፤ ታዲያ አህያን ምን ያህል ልናከብር ነው?» አለ። ተናጋሪው መልስ አጥቶ ወደ እኛ ተመለከተ። ይህ የኛ ድርሻ ነውና ተነሥተን አብራራን። አንቀጹ በሱረቱ ሉቅማን የሚገኝ፣ ሉቅማን ለልጁ የሰጠው ምክር ነው። ድምፅህን ዝቅ አድርግ ማለቱ ነው። የሚወቀሰው አላህ (ሱ.ወ.) እንደፈጠረው የሚያናፋው አህያ አይደለም፤ አእምሮ ተሰጥቶት ሳለ በሰው ላይ የሚጮኸው የሰው ልጅ ነው።

ይህን እየተናገርን ሳለ ምላሳችን ከበደን። ያን ልጅ ከዚያ በፊት የቤት ሥራ ሳይሠራ በመምጣቱ፣ በተማሪዎች ሁሉ ፊት ጮኸን «አንተ አህያ!» ብለነው እንደነበር ትዝ አለን። ያ ሳምንት አህያው የተኛበት ሳምንት ነበር። ልጁ ማታ ማታ ጄሪካን በጀርባው ተሸክሞ ውኃ ያመላልስ ኖሯል። እኛ ለምን አልሠራህም ብለን አልጠየቅነውም።

ቃሉን የተናገርነው በሁሉም ፊት ነበርና ይቅርታውንም በሁሉም ፊት ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ «አውፍ ብያለሁ፣ ቲቸር» አለን። ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ያን ሌሊት ኪታቦቻችንን ገለጥን። ስለዚህ ነገር ያላወቅነው አልነበረም። ድመት አስራ ምግብ ስለከለከለችው ሴትና ስለ ቅጣቷ፣ ውሻ ተጠምቶ አይቶ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ስላጠጣው ሰውና ስለ ምሕረቱ ሐዲሡን በቃላችን እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊቱ በእሳት የተተኮሰ አህያ አይተው ያን የፈጸመውን ማውገዛቸውን ቀርተናል። በ660 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1262) ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝዝ ኢብን ዐብዱሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥም እንኳ ሊቀልበው፣ ከአቅሙ በላይም ላይጭነው ግዴታ እንዳለበት ጽፈዋል። ይህ የተጻፈው የካይሮዎቹ ፈረሶች ከመታየታቸው ከ650 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ነው። እንግሊዛዊቷ በእጇ የሠራችውን እኛ በቃላችን ይዘን፣ በየቀኑ በገጣባ አህያ አጠገብ እያለፍን ወደ መስጂድ እንሄድ ነበር።

በማግሥቱ ልጁን ተከትለን ቤታቸው ሄድን። አባትየው በአክብሮት ተቀበሉን። ገጣባው ደርቋል፤ ጠጉር ግን አልበቀለበትም። ከገመዱ ሥር ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋ ንጣፍ አለ። ምክራችንን ጨርሰን ስንነሣ አባትየው እንዲህ አሉን፦ «ኡስታዝ፣ እኛን መምከሩ መልካም ነው። ግን ‹አንድ ጆንያ ጨምርበት፣ አለዚያ ሌላ ጋሪ እጠራለሁ› የሚለኝን ደንበኛ ማን ይምከርልኝ?» መልስ አጣን። እኛም ዕቃ ስናስጭን በዚያው ዋጋ አንድ ጆንያ እንዲጨመርልን ብዙ ጊዜ ተከራክረናልና።

ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ለባለጋሪዎች ብቻ አይደለም። ጋሪ የምታስጭኑ ሁሉ፣ ጭነቱ ሲበዛ ሁለተኛ ጉዞ ክፈሉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ አህያ በድንጋይ ሲመቱ ስታዩ «ተው» በሉ፤ አህያ የሚለውን ቃልም ለልጆቻችሁ ስድብ አታድርጉት። ወጣቶች ሆይ፣ በክፍል ፊት ቆማችሁ ስለ መልካም ነገር ስትናገሩ ማርክ ብቻ አታስቡ። የተናገሩት ዕውቀት አደራ ነው፤ ከሰሚው በፊት ተናጋሪውን ይጠይቃል። ያ ልጅ ከ10 የሰጠነው 9 ነበር። እኛን ግን ማን ማርክ እንደሚሰጠን እናውቃለን።

አላህ (ሱ.ወ.) በምናውቀው የምንሠራ ያድርገን። አሚን።