ዋሽንግተን ደርሶ አልታይ ያለው የሠርግ ቪዲዮ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጐረቤታችን የሆኑ እናት በነጠላቸው የጠቀለሉትን ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። በካሴቱ ላይ የተቀረጸው በ1987 ዓ.ም. በጥር ወር እዚሁ አዲስ አበባ የተደረገው የልጃቸው ሠርግ ነው። ልጅቱ ዛሬ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ አባቷ ግን ካረፉ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። እኒህ ሰው በሕይወታቸው ሳሉ መቀረጽን አይወዱም ነበር። ድምፃቸው ተቀርጾ የሚገኘው በዚህ በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ሙሽሪትን ከቤት ሲሸኙ በመረቁት የአምስት ደቂቃ ምርቃት።

እናቲቱ ካሴቱን ቀደም ሲል በአንድ ሱቅ ወደ ዲቪዲ አስገልብጠው በሰው እጅ ልከውላት ነበር። ዲስኩ በእናቲቱ ቤት ደኅና ይጫወታል፤ ዋሽንግተን ደርሶ ግን ማጫወቻው አልቀበልም ብሎ ተፋው። ልጅቱ በኮምፒዩተር ብትሞክረው ሥዕሉ ታየ። ሆኖም ምርቃቱ ላይ ሲደረስ የአባቷ ከንፈር ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ከአራት ሴኮንድ በኋላ ይከተላል። «አባዬን እንደዚህ ሆነው ማየት አልችልም» ብላ ዘጋችው። እናቲቱም «እስቲ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ምን እንደሆነ እዩልኝ» አሉን። እኛም ከትምህርታችን ይልቅ ጉጉታችንን ይዘን፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ ባለሙያ ዘንድ ሄድን።

ከሁሉ አስቀድሞ የማጫወቻው ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ «የአህጉር ቁልፍ ስላለበት ነው» የሚሉ አልጠፉም። እውነት ነው፤ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፍለው አሜሪካን 1፣ አገራችንን ጨምሮ አብዛኛውን የአፍሪካ ክፍል ደግሞ 5 ብለው ዲስካቸውን ይቈልፋሉ። ነገር ግን በቤትና በሱቅ የሚገለበጥ ዲስክ ላይ ማንም ይህን ቁልፍ አያደርግበትም። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከዲቪዲም መፈጠር በፊት የነበረ ልዩነት ነው።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሥመር በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የኛና የኤውሮጳ ደግሞ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የቴሌቪዥን ሥራ ሲጀመር መሐንዲሶች የሥዕሉን ብዛት ከዚሁ ጋር አስማሙት። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ ኤን ቲ ኤስ ሲ የተባለው ሥርዓት በሴኮንድ 29.97 ሥዕል፣ በኛ ዘንድ ፓል የተባለው 25 ሥዕል የሚያሳይ ሆነ። ዲቪዲ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በጃፓን ገበያ ሲወጣ ይህንኑ ልዩነት እንዳለ ወረሰው፤ የፓል ዲስክ ሥዕል ቁመቱ 576 መሥመር ሲሆን የአሜሪካው 480 ነው። በኛና በኤውሮጳ ገበያ የሚሸጡት ማጫወቻዎች ባብዛኛው ሁለቱንም ያነባሉ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ግን የራሳቸውን እንጂ የኛን አይቀበሉም። ኮምፒዩተር ለሁለቱም ግድ የለውምና ልጅቱ በኮምፒዩተር ያየችው ለዚህ ነው።

«በዚህ ዘመን ዲቪዲ ምን ያደርጋል፤ በስልክ አይላክም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ይህንኑ ጠይቀን ነበር። መልሱ ልጅቱ አብራቸው የምትኖረው አማቷ ናቸው፤ በቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠችውን ማጫወቻ እንጂ ሌላ መኪና አይነኩም፤ ሠርጉንም ሊያዩ የቸኰሉት እሳቸው ነበሩ።

ወደ ድምፁ እንመለስ። ባለሙያው የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አራት ሴኮንድ ነው ወይስ እየጨመረ የሄደ?» አሉን። ዲስኩን ከፍተን ብናየው በመጀመሪያው ሥዕልና ድምፅ ፍጹም ይገጥማሉ፤ በመካከሉ አራት ሴኮንድ፣ በመጨረሻው ስድስት ሴኮንድ ይራራቃሉ። «እንግዲያስ ሲቀዳ ሥዕል ጠፍቷል» አሉ። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት ቢሆን ኖሮ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይበቃ ነበር። ድምፁ ቀጥኖ የሕፃን ድምፅ ቢመስል ደግሞ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካውን ድምፅ ዲቪዲ በሚፈልገው በ48,000 አስቈጥረውታል ማለት ነው። እየጨመረ የሚሄደው ግን ኮምፒዩተሩ ሥራ በዝቶበት የሚመጣለትን ሥዕል ሁሉ መመዝገብ ሲያቅተውና አንዳንዱን ሲጥል የሚሆን ነው። ድምፁ ሳይጐድል ይቀራል፤ ሥዕሉ ግን ያጥራልና ቀድሞ ይሮጣል። አንድ የፓል ሥዕል የሴኮንድ ሃያ አምስተኛ ስለሆነ፣ የስድስት ሴኮንድ ልዩነት ማለት 150 ሥዕል የትም ቀርቷል ማለት ነው። የሱቁ ሠራተኛ እየቀዳ ዘፈን ሲያዳምጥበት እንደነበረ እናቲቱ ነግረውናል።

የጠፉት ሥዕሎች በአንድ ቦታ የጠፉ አይደሉምና አሮጌውን ዲስክ ማቃናት አይቻልም። መድኃኒቱ ካሴቱን እንደገና መቅዳት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። ባለሙያው ካሴቱን በመስኮት ብርሃን ቢያዩት በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ታየ፤ የአዲስ አበባ ክረምትና የቁም ሣጥን እርጥበት ያመጣው ነው። ክሩን አድርቀው ለማጽዳት ሁለት ቀን ወሰደባቸው፤ «አንድ ጊዜ ይጫወታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ዋስ አልሆንም» አሉን። የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሲሠራው የቈየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እንኳ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መሥራቱን አቁሟል።

ስለዚህ አስቀድመው በማይፈለግ ሌላ ካሴት ልምምድ አደረጉ። በእውነቱ ይህን ባያደርጉ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር፤ ልምምዱ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ቀረጻው ተቋረጠ። ነገሩ ሲመረመር፣ ሥዕሉ የሚጻፍበት ተጨማሪ ዲስክ ፋት 32 በሚባለው በአሮጌው አደረጃጀት የተሰናዳ ሆኖ ተገኘ። ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ዲቪ በሚባለው ዐይነት የሚቀዳ ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት 13 ጊጋባይት ይፈጃል። ዲስኩ እንደገና ተሰናዳ፤ ኢንተርኔቱ ተነቀለ፤ የቫይረስ ጠባቂውም ለጊዜው ዐረፈ። ከዚያም ቢጫውን፣ ቀዩንና ነጩን ገመድ ሰክተው እውነተኛውን ካሴት ጀመሩ። ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ማንም ኮምፒዩተሩን አልነካም፤ እናቲቱም ከወንበራቸው ሳይነሡ መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። ሲያልቅ ፕሮግራሙ የጠፋውን ሥዕል ቈጠረ፤ ሁለት ብቻ። ይህም የሴኮንድ ስምንት መቶኛ ነውና ዐይን አያውቀውም።

ቀጥሎ ሦስት ሰዓቱን በዲስክ ላይ የማሳነስ ሥራ መጣ። ዲቪዲ የሚቀበለው ኤምፔግ ሁለት የሚባለውን አጨማመቅ ነው። አንድ ባዶ ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል (ኮምፒዩተር በሌላ አቈጣጠር 4.38 ብሎ ስለሚያሳይ ተታለልን የሚሉ ብዙ ናቸው)። ይህን ለሦስት ሰዓት ብናካፍለው ለአንድ ሴኮንድ የሚደርሰው 3.5 ሚሊዮን ቢት ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ድምፁ ድርሻውን ይወስዳል። ዲቪዲ ለሥዕል ብቻ እስከ 9.8 ሚሊዮን ይፈቅዳል። አሮጌ ካሴት ደግሞ ከአዲስ ፊልም ይልቅ ለመጨመቅ ያስቸግራል፤ የሥዕሉን ብናኝ ፕሮግራሙ እንደ ቁም ነገር ቈጥሮ ሊጠብቀው ይደክማልና። ውጤቱም ጭፈራው ሲጀመር ሥዕሉ እንደ ሸክላ ንጣፍ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል። ባለሙያው የሥዕሉን ስፋት ከ720 ወደ 352 ነጥብ ቢቀንሱት ካሴቱ ከዚያ የበለጠ ዝርዝር የለውምና ምንም አይጐድልም አሉ። እኛ ግን ባዶ ዲስክ ርካሽ ነው፤ ለሁለት ይከፈል ብለን ተከራከርን። በክርክሩ ረታን፤ ምናልባት እሳቸው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ያላሰብነው ችግር የመጣው ከእስክስታው ነው። የተሰናዳው ሥዕል በኮምፒዩተሩ ላይ እጅግ መልካም ነበር። በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ሥዕሉ ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ ዐይን ያደክማል፤ ቆመው ሲያጨበጭቡ ምንም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሴት ሥዕል አንዱ ከሁለት ግማሽ የተሠራ ነው፤ አንደኛው ግማሽ ጐዶሎ መሥመሮቹን፣ ሁለተኛው ሙሉዎቹን ይይዛል፤ በመካከላቸውም የሴኮንድ ሃምሳኛ ልዩነት አለ። በዲቪ ሲቀዳ የታችኛው ግማሽ ይቀድማል፤ የአጨማመቁ ፕሮግራም ግን በልማዱ የላይኛውን አስቀድሞ ነበር። ስለዚህ ትከሻው ወጥቶ ሳይወርድ ይወርዳል፣ ወርዶም ይወጣል። አንድ ምልክት ተለወጠችና ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ተጨመቀ።

ማውጫውን የማቀናበሩ ሥራ በነጻ በሚገኝ ዲቪዲ ስታይለር በሚባል ፕሮግራም ተሠራ። የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሲታይ፣ ፊደላችንን የሚያውቅ ኒያላ የሚባል የፊደል ዐይነት ተመርጦ ተስተካከለ። ከዚያ ደግሞ ሥራው መካከል ላይ ቆሞ ቁጥር ብቻ ያለበት የስሕተት ጽሑፍ ሰጠን። ግማሽ ቀን ከለፋን በኋላ የማኅደሩን ስም «የሠርግ ቪዲዮ» ብለን በአማርኛ ስለሰየምነው መሆኑ ታወቀ። በላቲን ፊደል ሲሰየም ያለ አንዳች ማንገራገር ጨረሰ። ፊደላችን ስንት ዘመን ሲጻፍበት ኖሮ በአንድ ማኅደር ስም መሰናከሉ አላስደሰተንም።

የቀረው ቀላል ነበር። ለእናቲቱ በፓል፣ ለልጅቱ ወደ 480 መሥመርና 29.97 ሥዕል ተለውጦ ሁለት ዐይነት ተሰናዳ። በለውጡ ካሜራው ዘወር ሲል ጥቂት መንገራገጭ አለ፤ ያለ እሱ አይሆንም። አስቀድሞ ተሰርዞ በሚጻፍ ዲስክ ተሞከረ፤ በኋላም በዝግታ፣ በ4 እጥፍ ፍጥነት ተጻፈ። በላዩም ወረቀት አልተለጠፈም፤ ወረቀት ዲስኩን ያዛባል፤ በቀለም እስክሪብቶ ብቻ «አንድ» እና «ሁለት» ተባለ። የካሴቱ ሙሉ ቅጂ ደግሞ ሳይጨመቅ በሁለት ቦታ ተቀምጧል።

ዲስኮቹ በተላኩ በሦስተኛው ሳምንት ማታ እናቲቱ አስጠሩን። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ከወዲያ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ በማውጫው ላይ «የአባት ምርቃት» የሚለውን ምዕራፍ ተጭናለች። አማቷ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» ይላሉ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ቢሆንም ይለያል። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው በእያንዳንዱ ምርቃት መጨረሻ «አሜን» ይሉ ጀመር፤ ከወዲያም ልጃቸው እኩል ትላለች። ሁለተኛውን ዲስክ ግን የዚያን ዕለት አላዩትም።