ያውቁ ኖሯል? የደጃዝማቹ ቤትና የገበያው እንስራ

የደሴ ሙዚየም የሚገኘው ለሙዚየም ተብሎ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን ደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ይኖሩበት በነበረው ቤት ነው። አዲስ አበባም ከዚህ አይለይም፤ የከተማዋ ሙዚየም የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ ነበር። መኳንንቱ ቤት ሠሩ፣ ቅርሱ ገባበት። የደሴው ግን በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል።

ለሸክላ ሥራ ደግሞ ቲኬት የማይቆረጥበት ሙዚየም አለ፦ ገበያው። ገበያ ወጥተው ጀበና ሲያማርጡ የያዙት ዕቃ የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር አላየም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች ታወጣዋለች፣ በጠጠር ታለሰልሰዋለች፣ ሲደርቅም ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች።

እንዲህ የተተኮሰ ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በእነሱ ነው፦ ውኃው በጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ ያለ መብራት ማለት ነው!

ምጣድ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። ለዚህ ነው አዲስ ምጣድ የሚሟሸው። የተፈጨ የጎመን ዘር በጋለው ገጽ ላይ ደጋግሞ ሲታሽ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ገጹም ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ትዕግሥት የሌላት ባለቤት የመጀመሪያውን እንጀራ በቁርጥራጭ ታነሳዋለች።