የብሎን መጋጠሚያዎች ጥንካሬና የቅርጽ ለውጥ በብረት መዋቅሮች

በብረት ሕንፃዎችና ድልድዮች ውስጥ ጭነት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈው በመጋጠሚያዎች በኩል በመሆኑ፣ ጥንካሬያቸውም ሆነ ቅርጻቸው የሚለወጥበት መንገድ የመላውን መዋቅር ጠባይ ይወስናል። ዊልሰንና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሪቬት መጋጠሚያዎችን ግትርነት፣ ማለትም በጭነት ሥር ላለመዞር ያላቸውን አቅም፣ የፈተሹበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1917 አሳተሙ፤ በ1951 ደግሞ በአሜሪካ የወጣው ደንብ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብሎን በሪቬት ፋንታ እንዲገባ ስለፈቀደ የምርምሩ ትኩረት ወደ ብሎን ዞረ።

ሁለት ተደራራቢ ዝርግ ብረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳቡ፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብሎን የሚበሳው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ መጋጠሚያው መጀመሪያ ጥቂት ይንሸራተትና ብሎኑ የቀዳዳውን ግድግዳ መግፋት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ሊቆረጥ፣ ቀዳዳው ሊለጠጥ፣ የብረቱ ጠርዝ ሊቀደድ ወይም ብረቱ በቀዳዳዎቹ መስመር ሊበጠስ ይችላል። ከእነዚህ የሚመረጠው የቀዳዳው መለጠጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከመጠን በላይ የተጫነው ብሎን ትርፉን ለጎረቤቶቹ ያካፍላልና። በረጅም መጋጠሚያ ግን ዳርና ዳር ያሉት ብሎኖች ከመካከለኞቹ ይበልጥ ስለሚጫኑ፣ የአውሮፓ የብረት መዋቅር ንድፍ ደንብ የሆነው ዩሮኮድ 3 የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብሎን ርቀት ከብሎኑ ውፍረት 15 እጥፍ ሲያልፍ የብሎኖቹ የመቆረጥ አቅም ተቀንሶ እንዲሰላ ያዝዛል፤ የእያንዳንዱን ብሎን አቅም በቀላሉ መደመር አሳሳች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መንሸራተት በማይፈቀድበት ቦታ ብሎኑ አስቀድሞ በኃይል ይጠበቅና ብረቶቹ በሰበቃ ይያያዛሉ። የመበጠሻ ጥንካሬው 1000 ሜጋ ፓስካል የሆነ፣ ደረጃው 10.9 የተባለ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ብሎን ለዚህ 172 ኪሎ ኒውተን ያህል ይወጠራል።

እጅግ ውስብስብ የሆነው አግዳሚ ከምሰሶ ጋር በጫፉ በተበየደ ዝርግ ብረት ሲታሰር የሚታየው ጠባይ ነው። አግዳሚው ሲታጠፍ የላይኞቹ ብሎኖች ይሳባሉ፤ ዝርጉ ብረት ሲለመጥ ደግሞ ጠርዙ ምሰሶውን ተደግፎ እንደ መፈንቀያ ስለሚሠራ በብሎኑ ላይ ተጨማሪ ስበት ይፈጥራል። የዩሮኮድ 3 ስሌት ሦስት የመክሸፍ መንገዶችን ይለያል፦ ዝርጉ ብረት ብቻውን የሚለመጥበት፣ ብረቱም ብሎኑም አብረው የሚሸነፉበት፣ ብረቱ ወፍራም በመሆኑ ብሎኑ በድንገት የሚበጠስበት። ስለዚህ ዝርጉን ብረት ማወፈር ጥንካሬን ሲጨምር ማስጠንቀቂያን ሊነጥቅ ይችላል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው አካባቢ ይህ ልውውጥ ተገቢ አይደለም።

መጋጠሚያዎች በእሳት ጊዜ የሚያሳዩት ጠባይ ገና በስፋት የሚጠናበት ዘርፍ ነው። በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዩሮኮድ ሠንጠረዥ ለመዋቅር ብረት 47 በመቶ፣ ለብሎን ግን 22 በመቶ ጥንካሬ ብቻ የሚያስቀር ሲሆን፣ እሳቱ ጠፍቶ አግዳሚው ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የተዳከመው ብሎን ያን ጊዜም በብርቱ ይሳባል።