ብረት በምን ይለዝባል?

ደዶ ገበያ የምትገዙትን ማጭድ አስቡት። ቀጥቃጩ ወናፍ እየነፋ ብረቱን በከሰል እሳት እስኪቀላ ያግለዋል፤ ሲለዝብለት በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ይህን ባለሙያ እየሰደበ ማጭዱን የሚገዛ ሰው ግን ይገርመኛል!

ኤሌክትሪክም ብረት ውስጥ ሲያልፍ ያግለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ትሮይትስኪ የተባለ ተመራማሪ በዚንክ ሞከረው። ዚንኩ እየተሳበ ሳለ ብርቱ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲለቀቅበት በአነስተኛ ጉልበት ተለጠጠ። ያለዘበው ሙቀቱ ብቻ ነው ወይስ ኤሌክትሪኩ ራሱም ያግዛል? ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እናንተ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ ይገድላል! በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ብዙ ምድጃ ከተሰካም ሽቦው ይግላል፤ የፕላስቲክ ልባሱ ቀልጦ እሳት ይነሳል። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቆጣሪውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።