ዕቃው ይግባ፣ ሰውየው ግን ከደጅ ይቆይ፦ ጃፓኖችና የውጭ አገር ሰው

ጃፓን በእስያ ምሥራቅ ጫፍ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ማለት ነው። ሕዝቧ 124 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ከእርሻው ተራራው ይበዛል። የጭነት መኪናዋን፣ ሬዲዮኗን፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሯን ያየ ሁሉ ስሟን ያውቃል።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ መኪናዋ አይደለም፤ ስለ ሰዎቿ ነው። ጃፓኖች ከውጭ የመጣን ሰውና ከውጭ የመጣን ነገር እንዴት ያዩታል? «የውጭ ሰው ይወዳሉ» የሚል አለ። «ይጠላሉ» የሚልም አለ። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በፊደላቸው እንጀምር። ፊደል መቁጠር ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተ ታውቁታላችሁና። ጃፓኖች የሚጽፉት በሦስት ዓይነት ፊደል ነው። አንደኛው ከቻይና የመጣው ካንጂ የሚባለው ነው። ይህ እንደኛ ፊደል ድምፅ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምልክት ሐሳብ ይይዛል። አንድ ጃፓናዊ ጋዜጣ ለማንበብ ወደ 2000 የሚሆን ምልክት ማወቅ አለበት። የኛን 231 ፊደል «በዛብን» የምትሉ፣ እስቲ ይህንን አስቡት!

ሁለቱ ሌሎች ፊደላት ግን ከኛው ጋር ይመሳሰላሉ። «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» እየተባሉ ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው። ድምፃቸው አንድ ነው፤ መልካቸው ብቻ ይለያያል። ታዲያ ለአንድ ድምፅ ሁለት ፊደል ምን ይሠራል? አንደኛው፣ ሂራጋና የሚባለው፣ ለአገሩ ቃል ነው። ሌላው፣ ካታካና የሚባለው፣ በዛሬው አጻጻፍ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ከውጭ ለመጣ ቃልና ለውጭ ሰው ስም ነው። ጃፓኖች ዳቦን «ፓን» ይሉታል። ቃሉን ያገኙት ከፖርቱጋሎች ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም ዛሬም የሚጻፈው በእንግዳ ቃል ፊደል ነው። እኛ «ጠረጴዛ» ብለን ስንጽፍ ቃሉ ከግሪክ እንደመጣ ማን ያስታውሰዋል? በጃፓን ግን ቃሉ ገና ሲታይ ከየት ወገን እንደሆነ ይታወቃል። የውጭ ሰውንም «ጋይጂን» ይሉታል። «ጋይ» ውጭ፣ «ጂን» ሰው ማለት ነው። በአክብሮት ሲናገሩ ደግሞ «ጋይኮኩጂን»፣ የውጭ አገር ሰው፣ ይላሉ።

ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ነው። ጠመንጃ ይዘው ነበር። የደሴቲቱ ገዢ ሁለት ጠመንጃ ገዛና ለብረት ሠሪዎቹ «ይህንን ሥሩልኝ» አለ። ሠሩት። ብዙም ሳይቆይ ጃፓኖች በገዛ እጃቸው በሠሩት ጠመንጃ እርስ በርስ ይዋጉ ጀመር። በ1549 ደግሞ ሚሲዮናውያን ገቡ። ብዙ ሰው ክርስትና ተነሣ። ገዢዎቹ ግን ሠጉ። «ዛሬ ቄሱ፣ ነገ ወታደሩ ይመጣል» ብለው አሰቡ። በ1614 ክርስትና በመላው አገር ተከለከለ። በ1635 ደግሞ ጃፓናዊ የሆነ ሁሉ ከአገር እንዳይወጣ፣ ወጥቶም የነበረ እንዳይመለስ በሞት ቅጣት ታወጀ። በ1637 በሺማባራ ገበሬዎች ተነሡ። ግብሩም በዝቶባቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ክርስቲያኖች ነበሩ። መንግሥት ፈጃቸው። በ1639 ፖርቱጋሎች ፈጽመው ተባረሩ። በነዚያው በ1630ዎቹ ዓመታት የኛው ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከኢትዮጵያ አስወጥተዋል። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ነገር ሠሩ ማለት ነው።

ከአውሮፓ ሰዎች የቀሩት የሆላንድ ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም ከ1641 ጀምሮ በናጋሳኪ ወደብ ዴጂማ በምትባል፣ በሰው እጅ በተሠራች ትንሽ ደሴት ላይ እንዲኖሩ ተደረገ። ርዝመቷ 120 ሜትር፣ ስፋቷ 75 ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ የደህና ገበሬ ማሳ አትበልጥም። ከከተማው ጋር የሚያገናኛት አንድ ድልድይ ነበር። በድልድዩ ላይ ዘበኛ ይቆማል። ዕቃው ይሻገራል፤ ሆላንዳዊው ያለ ፈቃድ አይሻገርም። እንዲህ ሆኖ ከ200 ዓመት በላይ ተኖረ። ከቻይናና ከኮርያ ጋር ንግዱ ስለቀጠለ ጃፓን ጨርሳ ተዘግታ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው።

በዚያ ድልድይ ላይ ከዕቃው ጋር የተሻገረ ሌላም ነገር አለ፤ መጽሐፍ። በ1720 ሃይማኖት የማይነካ የውጭ መጽሐፍ እንዲገባ ተፈቀደ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህ ፈቃድ ምን እንዳስከተለ እነሆ።

በ1771 ሱጊታ ጌምፓኩና ማዬኖ ርዮታኩ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ በኤዶ ከተማ (በዛሬይቱ ቶክዮ) የአንዲት በሞት የተቀጣች ሴት ሬሳ ሲከፈት ለማየት ሄዱ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት የሆላንድ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው መጥተዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የሰው ሆድ ዕቃ ሥዕል አለ። ሬሳውን የከፈቱት የ90 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። እኒህ ሽማግሌ ከተናቀው ወገን ነበሩ። በጃፓን ቆዳ የሚያለፋና ሬሳ የሚነካ ሰው እንደ ርኩስ ይቆጠር ነበር። ፋቂና ቀጥቃጭ ይናቅ በነበረበት አገር ላደግን ለኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሽማግሌው «ይህ ልብ ነው፣ ይህ ጉበት ነው» እያሉ በእጃቸው ያሳዩ ነበር። ሐኪሞቹ ሥዕሉን ከሬሳው ጋር አስተያዩት። ልክክ አለ! እነርሱ የተማሩበት የጥንቱ የቻይና መጽሐፍ ግን አልገጠመም።

ከዚያ በፊት ይህንን ልዩነት ያዩ ሐኪሞች ነበሩ። ሱጊታ እንደጻፈው «ምናልባት የቻይና ሰውና የሌላው ሰው አካል ይለያይ ይሆን?» እያሉ ያልፉት ነበር። መጽሐፉ ተሳሳተ ከማለት፣ ሰው ከሰው ይለያል ማለት ቀለላቸው።

ሁለቱ በማግስቱ መጽሐፉን ለመተርጎም ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀመጡ። ማዬኖ ወደ 50 ዓመት ይጠጋል፤ የሚያውቀው ጥቂት መቶ ቃላት ነው። ሱጊታ ወደ 40 ይጠጋል፤ የሆላንድን ፊደል ሀ ሁ እንኳ አልቆጠረም። በሚገባ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት የለ፣ አስተማሪ የለ። «ቅንድብ ከዓይን በላይ የበቀለ ፀጉር ነው» የምትለዋን አንዲት መስመር ለመረዳት አንድ ሙሉ ቀን እንደፈጀባቸው ሱጊታ በእርጅናው ጽፏል። በ1774 ትርጉሙ ታትሞ ወጣ። የጃፓን ሕክምና ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለወጠ።

በ1853 አራት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ወደ ኤዶ ባሕር ገቡ። ጃፓኖች «ጥቁር መርከቦች» አሏቸው። መድፍ ተደቅኖባቸው ወደባቸውን ከፈቱ። በ1858 የተፈረሙት ውሎች ደግሞ የባሱ ነበሩ። የውጭ ሰው በጃፓን ምድር ወንጀል ቢሠራ የጃፓን ዳኛ አይዳኘውም። የቀረጡንም መጠን ጃፓን ብቻዋን አትወስንም። ብዙ ወጣት ወታደሮች «የውጭውን አውሬ እናባር!» ብለው ተነሡ። በ1862 የሳጹማ መስፍን ሰዎች አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ገደሉ። በ1863 የእንግሊዝ መርከቦች የመስፍኑን ከተማ ካጎሺማን በመድፍ አቃጠሉ። ታዲያ የሳጹማ ሰዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከእንግሊዝ መሣሪያ ገዙ። በ1865 ልጆቻቸውን እዚያው እንግሊዝ አገር ለትምህርት ላኩ! ሌላው ቢቀር ሽንፈትን እንዲህ ቶሎ ወደ ትምህርት ቤት የለወጠ አናውቅም።

በ1868 አዲስ መንግሥት ቆመ። «ዕውቀት ከዓለም ሁሉ ይፈለግ» ብሎ ማለ። የውጭ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና መምህራን በብዙ ደመወዝ ተቀጠሩ። የሚቆዩት ግን ጃፓናዊው ሥራውን እስኪለምድ ነበር፤ ከዚያ በደህና ሂዱ ተባሉ። በ1871 ከተላኩት ተማሪዎች መካከል አምስት ሴት ልጆች ነበሩ። ትንሿ ጹዳ ኡሜኮ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። ከ11 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ስትመለስ የእናቷን ቋንቋ ከሞላ ጎደል ረስታው ነበር። በገዛ አገሯ እንግዳ ሆነች። በ1900 በቶክዮ ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት የከፈተች እሷ ናት።

ይህ ሁሉ በኛም አገር ተወርቷል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን አርአያ እንድንከተል ጽፈዋል። በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ቀድቷል። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው መጽሐፍ ጻፉላት። ጣልያን ሲወረን ለኛ ያዘኑ ጃፓኖች ብዙ ነበሩ። መንግሥታቸው ግን በ1936 የጣልያንን ወረራ ተቀበለ። እሱስ ማንቹሪያን ወርሮ ይዞ የለም? ሌባ ሌባን ምን ብሎ ይከሳል?

በውጭ ሰው የተናቀው አገር ሌላውን መናቅ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ኮርያን በ1910 ጠቅልሎ ያዘ። መሬት ያጡ ኮርያውያን ለሥራ ወደ ጃፓን ተሰደዱ። መስከረም 1 ቀን 1923 በቶክዮና በዮኮሃማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። እሳት ተነሣ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ገና ሬሳው ሳይነሣ ወሬ ተነዛ፤ «ኮርያውያን በውኃ ጉድጓድ መርዝ ጨመሩ!» የሚል። ውሸት ነበር። መንግሥትም ወሬውን ከማጥፋት ይልቅ በመጀመሪያ አሠራጨው። የመንደር ሰዎች ጦርና ዱላ ይዘው በየመንገዱ ቆሙ። አላፊውን «ጁጎ የን ጎጂሴን በል!» ይሉት ነበር። አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሳንቲም እንደማለት ነው። የኮርያ ምላስ «ጁ»ን ወደ «ቹ» ይወስደዋል። ቃሉ ያልቀናለት ተገደለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዲህ አለቀ። በፉኩዳ መንደር ከሩቅ አገር የመጡ 15 ጃፓናውያን መድኃኒት አዟሪዎች አነጋገራቸው ስላላማረ ተያዙ፤ 9ኙ ተገደሉ። እነርሱም ከዚያ ቀደም ብለን ካነሣነው ከተናቀው ወገን ነበሩ። በዮኮሃማ አጠገብ ግን ኦካዋ ጹኔኪቺ የሚባል የፖሊስ አዛዥ ብዙ ኮርያውያንን በጣቢያው አስጠልሎ አዳነ። «መርዝ ነው» የተባለውን ውኃ በሕዝቡ ፊት እንደጠጣው ይተረካል።

ወደዛሬው እንምጣ። ጃፓኖች ለእንግዳ ያላቸው አክብሮት የታወቀ ነው። በ1964 አበበ ቢቂላ በቶክዮ ማራቶን ሲያሸንፍ የጃፓን ሕዝብ ከመንገድ ዳር እስከ ስታዲየም በጭብጨባ ተቀብሎታል። ስሙ ዛሬም ይነሣል። ለኛ እንደሚመስለን ጉዳዩ እንግዳ ላይ አይደለም፤ እንግዳው ጎረቤት ልሁን ሲል ነው። በኦታሩ ከተማ አንድ የመታጠቢያ ቤት «ጃፓናዊ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። በአሜሪካ የተወለደ አንድ ሰው የጃፓን ዜግነት አግኝቶ ወረቀቱን አሳየ፤ መልክህ አይመስልም ተብሎ ተመለሰ። በ2002 ፍርድ ቤቱ መታጠቢያ ቤቱን ካሣ አስከፈለው። መንግሥት በ2017 ባወጣው ጥናት፣ የኪራይ ቤት ከፈለጉት የውጭ ሰዎች ከመቶ 40 የሚጠጉት የውጭ ሰው በመሆናቸው መከልከላቸውን ተናግረዋል። በ2016 የውጭ ተወላጆችን የሚያንቋሽሽ ንግግርን የሚቃወም ሕግ ወጥቷል፤ ቅጣት ግን የለውም። ቅጣት የሌለው ሕግ ጥርስ እንደሌለው ውሻ ነው።

በሌላ በኩል አገሪቱ አርጅታለች። የሚወለደው ከሚሞተው ያነሰ ነው። እርሻው ሠራተኛ አጣ፤ ሽማግሌን የሚጦር ጠፋ። ስለዚህ በ2019 ለእርሻ፣ ለግንባታና ለአረጋውያን እንክብካቤ የውጭ ሠራተኛ የሚያስገባ አዲስ ፈቃድ ተጀመረ። በ2024 መጨረሻ በጃፓን የሚኖሩት የውጭ ሰዎች ከ3 ሚሊዮን 700 ሺህ በልጠው ነበር። ከቬትናም፣ ከቻይና፣ ከኔፓል የመጡ ብዙ ናቸው። በ2025 ደግሞ «ጃፓናዊ ይቅደም» የሚል ሳንሴይቶ የተባለ ፓርቲ በላይኛው ምክር ቤት ምርጫ 14 ወንበር አገኘ። ክርክሩ ገና ነው።

በ1995 በኮቤ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ ብዙ የውጭ ሰዎች ማስታወቂያውን ማንበብ አቅቷቸው ተቸገሩ። ውኃ የት እንደሚታደል፣ ወዴት እንደሚሸሽ አላወቁም። ከዚያ በኋላ ምሁራን «ቀላል ጃፓንኛ» የሚባል አጻጻፍ አዘጋጁ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ከባድ ቃል በቀላል ይለወጣል። በከባዱ የቻይና ፊደል አጠገብ አነባበቡ በቀላሉ ፊደል ይጻፋል። ጥር 1 ቀን 2024 በኖቶ ምድሪቱ ስትናወጥና ባሕሩ ሲነሣ፣ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ላይ የወጣው ጽሑፍ ሕፃን ልጅም፣ ጃፓንኛ የጀመረ የውጭ ሰውም በሚያነበው ፊደል በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ «ጹናሚ! ሽሹ!» ይላል።